ስክሪኑን ቀይሩ ነው ያለቻችሁ

የጅማ ልጆች፣ ዛሬ ስለ አዲስ ስልክ አልጽፍም። ስለ ካሜራና ስለ ባትሪ ሌላ ጊዜ እናወራለን። ዛሬ ሆዴ ቆስሎ ነው የምጽፈው፤ ያቆሰለውም የእኛው ሥራ ነው።

አንዲት ልጅ ከባጃጅ ስትወርድ ስልኳ ወደቀ። ስክሪኑ ተሰነጠቀ፣ ግማሹም ጠቆረ። መርካቶ ካሉት ጥገና ቤቶች ወደ አንዱ ወሰደችው። የሱቁን ስም አልጠራም። ጠጋኙ ስልኩን አገላብጦ አየና «ፓተርኑን ጻፊልኝ፣ ነገ ጠዋት ነይ» አላት። ዘጠኝ ነጥብ አድርጎ በሰጣት ቁራጭ ወረቀት ላይ መስመሩን ሠርታ ሰጠችው። እሱም ወረቀቱን በፕላስተር ከስልኩ ጀርባ ለጥፎ ከሌሎቹ ስልኮች ጎን ደረደረው። ሁሉም ጀርባቸው ላይ እንዲሁ ወረቀት ነበራቸው። የቤቱን ቁልፍ በር ላይ ሰቅሎ የሚሄድ ሰው የለም፤ ስልክ ላይ ሲሆን ግን ማንም አይገርመውም።

ጋለሪዋ ውስጥ የእህቷ የሂና ማታ ፎቶዎች ነበሩ። ሴቶች ብቻ የተሰበሰቡበት ማታ ነው። ልጅቷ ጸጉሯን ገልጣ፣ እጇን ሂና ተቀብታ፣ ከእህቶቿ ጋር ትስቃለች። ከቤቷ ውጭ ያለ ሂጃብ ታይታ የማታውቅ ልጅ ናት።

ብዙም ሳይቆይ ፎቶዎቹ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጡ። ከዚያ ወደ ሌላ ግሩፕ፣ ከዚያ በየሰዉ ስልክ። ወንድሟ ያየው በርጫ ላይ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ «ይህችን ታውቃታለህ?» ብሎ ስልኩን አቀበለው። እህቱ ነበረች።

ቤት ውስጥ መጀመሪያ የተጠየቀችው «ለማን ላክሽ?» ተብላ ነው። ማን ሰረቀሽ ያላት የለም። ስልኳን አስጠግና እንደነበር እስኪያስታውሱ ድረስ አባቷ አላናገሯትም።

ከእናቷ ጋር ወደ ሱቁ ሄደች። ሰውየው «ስልክሽ ተሠርቷል አይደል? ሌላውን እኔ አላውቅም» አለ። ሰው ተሰበሰበ። ከተሰበሰበው መሀል አንዱ ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያየ። «እሷ ናት» አለ ለጓደኛው። እናት ቆመው ይህን አዩ።

ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህኛው ነው። ስርቆቱን አንድ ሰው ሠርቷል፤ ያለበት ይደርስበታል። ይሄ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በእኛ መሀል የሆነ ነው። ስንት አባወራ፣ ስንት የእህት ወንድም ቆሞ ነበር! «ተው አንተ፣ ስልክህን አስገባ» ያለ አንድ ሰው ጠፋ። ምን ነካን?

ደግሞ «ምን አለበት፣ ራቁቷን አይደለችም» የምትሉ አላችሁ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጸጉሯን ለማን እንደምትገልጥ የምትወስነው እሷ ናት። እናንተ «ቀላል ነው» ያላችሁት ነገር ልጅቷን ከሥራዋ አስቀርቷል፤ በመስኮት እንኳ ብቅ አትልም።

እናቷ እኔ ዘንድ መጡ። ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ይወዳል ሲባል ሰምተው ነው። «ልጄ፣ አንተ ይህን ነገር ታውቃለህ። ከሁሉም ስልክ ላይ አጥፋልኝ» አሉኝ። እንደማይቻል አስረዳኋቸው። ቴሌግራም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁለት ሰው ቻት ላይ ያለን መልእክት ከሁለቱም ወገን ለማጥፋት ይፈቅዳል። ፎርዋርድ የተደረገው ግን ራሱን የቻለ ሌላ ቅጂ ነው፤ የመጀመሪያው ቢጠፋም እሱ ይቀራል። ጋለሪ ውስጥ ሴቭ የተደረገውማ ከቴሌግራም ወጥቶ የስልኩ ፋይል ሆኗል። የላከ ሰው «አጥፍቻለሁ» ሲል እሱ የላከውን ብቻ ነው ያጠፋው። ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ «እንግዲያ ለምን ተማራችሁት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ጠጋኞች፣ እናንተም ስሙኝ። ብዙዎቻችሁ እጃችሁ የተባረከ ነው፤ በአንድ ካውያና በአንድ መልቲሜትር የሞተ ስልክ ስታስነሱ እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን ስክሪን ለመቀየር ፓተርን ምን ያደርግላችኋል? ታቹ መሥራቱን የአደጋ ጥሪ ቁጥሮቹን ነክቶ ማየት ይቻላል። ካሜራውም በአብዛኛው ስልክ ላይ ሳይከፈት ከሎክ ስክሪኑ ይነሳል። ቻርጅ ማድረጊያ ለቀየረ ሰው ደግሞ ቻርጅ ሲያደርግ ማየት ይበቃዋል። ሶፍትዌር ካልነካችሁ በቀር ጋለሪ ውስጥ የሚያስገባ ሥራ የላችሁም። ሳምሰንግ በ2022፣ ጎግል ደግሞ በ2023 ለፒክስል ስልኮቹ፣ ስልክ ሲጠገን የባለቤቱን ነገር የሚዘጋ አሠራር ያወጡት ይህ ችግር የዓለም ሁሉ ስለሆነ ነው።

ሕግ የለም የምትሉም አትሳሳቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል ብሎታል፤ ስልክም ኮምፒውተር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። አዋጁ ግን በርጫ ላይ ከጎናችሁ አይቀመጥም። ስልኩን ሲያቀብሏችሁ «አላይም» ማለት የእናንተ ፋንታ ነው።

እኛ ባለስልኮቹም ለራሳችን እንጠንቀቅ። ሲምና ሚሞሪ አውጥታችሁ ስጡ። ፎቶ ሚሞሪው ላይ ከሆነ አብሯችሁ ይመለሳል። ከተቻለ ቆማችሁ አሠሩ፤ ቡና ይቆያችኋል። ይህን ስል ግን ያመኛል። የተሰረቀችው እሷ ሆና ተጠንቀቂ የምትባለውም እሷ ትሁን?

ፈረንጅ አራዳ በኩል አንድ ልጅ እግር ጠጋኝ አለ። ስልክ ሲመጣለት መጀመሪያ ሲሙንና ሚሞሪውን አውጥቶ ባለቤቱ እጅ ላይ ያስቀምጣል። ፓተርን ሊነግሩት ሲሉ «አያስፈልገኝም» ይላል። በርጩማ ስቦ ያስቀምጣቸውና እያዩት ይሠራል። ዋጋው ከሌላው አይበልጥም። ማንም አላዘዘውም፤ እንዲህ መሆን እንዳለበት ገብቶት ነው። እንዲህ ያሉ ሌሎችም ይኖራሉ። አላየኋቸውም ማለት የሉም ማለት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ፎቶዎቹ ስልካችሁ ላይ ያሉ ዛሬ ማታ አጥፉ። ለማን እንደላካችሁ ታውቃላችሁ፤ ደውሉና አጥፉ በሏቸው። ሁሉም እንደማያጠፋ አውቃለሁ። ግማሹ ቢያጠፋ እንኳ ለእናቷ የምነግረው ነገር አገኛለሁ።

ልጅቷ ከኢድ በኋላ ወደ ሥራዋ ልትመለስ አስባለች። በእናንተ በር ነው የምታልፈው። ሰላም በሏት፤ ያን ቀን ማንም ስልክ እንዳያወጣ።