የእህቴ ማንደጃና የእኔ ማሽን

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ታናሽ እህቴ «ጋሼ፣ ና ሱቄን ላሳይህ» ብላ መገናኛ ወሰደችኝ። ሱቅ ያለችው የአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች ጥግ ናት። አንድ ረከቦት፣ ሁለት ጀበና፣ ስድስት በርጩማ። ማንደጃው ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮ የተቀጠቀጠ ነው። መነሻዋ የደረሳት እቁብ ነው። ስኒዎቹ የእናታችን ናቸው፤ ጠርዙ የተሸረፈውን አውቀዋለሁ፣ ልጅ ሆኜ የሸረፍኩት እኔ ነኝ።

አጠገቧ መስታወት በመስታወት የሆነ ባለማሽን ካፌ ተከፍቷል። «አያሰጋሽም?» አልኳት። «ቆይ» አለችኝ። አራት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ካፌው ጭጭ አለ፤ ሰዉ እየተነሳ ወደ እሷ መጣ። አንደኛው የካፌው አስተናጋጅ ነበር!

መብራቱ ባይጠፋም አታርፍም። ትሪ ይዛ አራተኛ ፎቅ ድረስ ለቢሮዎቹ ታደርሳለች፤ ዱቤዋ በደብተር ነው፤ የቴሌብር ቁጥሯ ካርቶን ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል። በርጩማ ስለሚያንስ ደግሞ ማንም ተጎልቶ አይውልባትም። ጠጥቶ ይነሳል።

እኔስ? እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤት ልክፈት ብዬ ስነሳ መጀመሪያ የገዛሁት የጣሊያን ማሽን ነው፣ ያውም በብድር። ባለሦስት ገንዳ ማጠቢያው፣ ለብቻው የሚቆመው የእጅ መታጠቢያው ሕግ ነው፣ አልከራከርም፤ የእህቴን የስኒ ማጠቢያ ባልዲ ኢንስፔክተሬ ቢያየው እዚያው ራሱን ይስታል። ግን ሎጎውን ማን አዘዘኝ? የቆዳ ሶፋውንስ? ሶፋው ላይ አንድ ማኪያቶ ይዞ፣ ላፕቶፑን ሰክቶ፣ አምስት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው እኮ ኪራይ አይከፍልልኝም!

እዚሁ ዲሲ አካባቢ ከእኛ የቀደሙት ብዙዎቹ የጀመሩት ከግሮሰሪ ጀርባ ሁለት ምድጃና አራት ወንበር አድርገው ነው። በርበሬ ሊገዛ የገባው ጥብስ በልቶ ይወጣል፤ ኪራዩ አንድ፣ ገቢው ሁለት። አይቼ ነበር። እንዲያውም «ይሄማ ኋላ ቀር ነው» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ።

በ14ኛው ወር ዘጋሁ። ማሽኑ ጋራዥ ውስጥ አልጋ ልብስ ለብሶ ተኝቷል፤ ብድሩ ግን አልተኛም፣ በየወሩ ይቆረጣል። የሚገዛው ሰው ፈልጌ አጣሁ።

ይህን ሁሉ ስነግራት እህቴ ከሰሉን እያራገበች ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ ለምን አትልክልኝም?» አለች።

«መብራቱስ?»

«አናቱ ሰፊ ነው አላልክም? ስኒ እደረድርበታለሁ።»