ልቀቂው!

ሰሞኑን መኪና መንዳት እየተማርኩ ነው፤ ያውም ማንዋል። የምለማመድበት መኪና ፊቱም ኋላውም ላይ «ለማጅ» የሚል ተጽፎበታል። ይህ ጽሑፍ የተለጠፈው ሌላው አሽከርካሪ ራቅ እንዲልና እንዲታገሥ ይመስለኝ ነበር። የባሕር ዳር ሰው ግን የሚያነበው እንደ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው፦ አስተማሪ ይፈለጋል፣ ጾታ አይለይም፣ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት።

ባለፈው ሳምንት ዘንባባ በተተከለበት ጎዳና፣ ከአደባባዩ ልወጣ ስል ሞተሩ ጠፋ። ለማጅ ነኝ፤ ይጠፋል። አጠገቤ የተቀመጠው አስተማሪዬ ቃል አልተነፈሰም። ደግ ሰው ነው፤ ደግሞም በእሱ በኩል ሌላ ፍሬን ስላለ ነፍሱ የተረጋጋች ናት። ውጭ ያለው ሕዝብ ግን ፍሬን የለውም። ሎተሪ አዟሪው «ልቀቂው!» አለኝ። ሊስትሮው ብሩሹን ወደ ላይ አንሥቶ «ኧረ አትልቀቂው!» አለ። ጫማውን የሚያስጠርገው ሰውዬ አንድ እግሩን ሣጥኑ ላይ እንዳሳረፈ «ቀስ ብለሽ፣ ግን ቶሎ ልቀቂው» ብሎ ሁለቱን ወገኖች ሊያስታርቅ ሞከረ። ጋቢ የለበሱ አባት በመስኮቱ ጎንበስ አሉና «ልጄ፣ ነዳጅ አለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከኋላዬ የነበረው የባጃጅ ሾፌር ደግሞ እጁን ከክላክሱ ሳያነሣ አንገቱን አውጥቶ «እናቴ፣ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቁት እኮ!» አለኝ።

«እናቴ» መባሌን ለጊዜው እንለፈው። ከመካሪዎቼ ሁሉ መንጃ ፈቃድ ይኖረዋል ብዬ የምገምተው ይህ ልጅ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ፍሪሲዮን የሚይዘው በእጁ ነው። የባጃጅ ፍሪሲዮን መሪው ላይ ነው፤ ማርሹም እዚያው ግራ እጁ ሥር ይጠመዘዛል። በእጁ የሚሠራውን ሰው የእግሬን ነገር እንዴት አድርጌ ላስረዳው?

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናው ቆሞ እንኳን ሞተሩ ሥራ አይፈታም፤ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ጎማው ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የሚሮጥንና የቆመን በድንገት ካጋጠሟቸው ወይ የቆመው ይፈናጠራል፣ ወይ የሚሮጠው ይሞታል። ፍሪሲዮን በመካከላቸው ሽማግሌ ሆኖ የገባው ለዚህ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ሸራው፣ ማለትም በጎማው ወገን ያለው ዝርግ ሳህን፣ ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ብረት ይላቀቃል። ቀስ እየተባለ ሲለቀቅ መጀመሪያ ይንሸራተታሉ፣ ቀጥሎ ይፋተጋሉ፣ በመጨረሻም አንድ ላይ ይዞራሉ። የለማጅ መከራ ያለው በዚያች በሚፋተጉባት ቦታ ላይ ነው። ቦታዋ ደግሞ በየመኪናው ትለያያለች፤ አንዱ ጋ ፔዳሉ ገና ከወለሉ ሲነሣ ትገኛለች፣ ሸራው በተበላ መኪና ደግሞ ወደ ላይ ሸሽታ ትጠብቃለች። የለማጅ መኪና ሸራ ሳይበላ የሚውልበት ቀን ያለ አይመስለኝም፤ ስንቱ እግር አልፎበታል! እዚያች ቦታ ሲደረስ ሞተሩ ድምፁን ያወፍራል፣ መኪናውም ነዘር ይላል። በዓይን አትታይም። በእግርና በጆሮ ተፈልጋ ነው የምትገኘው። እንግዲህ ይህችን የሞተር ድምፅ ልሰማ ጆሮዬን ባቆምኩበት ቅጽበት ነው አደባባዩ በሙሉ «ልቀቂው» የሚለው። ሞተሩን የገደለችው እግሬ ብቻ አይደለችም፤ ሕዝቡም እጁ አለበት።

ባጃጅ ከተነሣ ላይቀር፣ ፍሬቻ የሚባለው መብራት ለምን እንደተገጠመለት የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ። ተሳፋሪ እጁን ባነሣበት ቦታ ይቆማል፤ የመንገዱ መሐል ቢሆንም ግድ የለውም። ከሐይቁ ዳር እስከ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ያለው አስፋልት የአባቱ ርስት ነው። ሳይክለኛውን እንኳን ይቅር እለዋለሁ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ልጆቿ በሳይክል ነው ያደጉት፤ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው የታሰረ ዶሮ ይዞ ከፊቴ ሲያልፍ ቢያንስ አይመክረኝም። እጁ ስለተያዘ ይሁን እንጃ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። አባቶቻችን ይህን ሲተርቱ የመኪና ቀበቶ አያውቁም ነበር ቢሉኝ አላምንም። ወደ ድልድዩ ስንቃረብ ትራፊክ ፖሊስ ብቅ ሲል ከፊቴ ያለው አሽከርካሪ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው ቀበቶውን ይስባል። አይቆልፈውም፤ ደረቱ ላይ ጣል ያደርገዋል። ትራፊኩን እንዳለፈ ይለቀዋል። በአሮጌው ድልድይ ላይ ተጨናንቀን ስንተላለፍ ለኖርነው ሰዎች አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ አንድ ጤነኛ ሰው ቀበቶውን በወጉ አስሮ፣ ስፖኪዮውን አስተካክሎ፣ አምላኩንም አመስግኖ የሚጨርስበት ርቀት ነው። ለእግረኛና ለሳይክል ሳይቀር የየራሳቸው መንገድ ወጥቶላቸዋል። ቀበቶው ግን አሁንም ደረት ላይ ጣል እንደተደረገ ነው። ይህ ተረት ለሠርግም ይሠራል፣ በበጀት ዓመቱ መዝጊያ ለሚቆፈር መንገድም ይሠራል፣ በጥድፊያ ለሚወጣ መንጃ ፈቃድም ይሠራል። ሌላው ቢቀር ለአጎቴ ቃል ኪዳን ሠርቷል።

መካሪ ተነሥቶ አጎቴን ሳላነሣ ብቀር ሆዴ ያብጣል። ልጅ ሳለሁ ነጭ ቶዮታ ዲኤክስ ነበረቻቸው። «ትምህርት ቤት ሲዘጋ መንዳት አስተምርሻለሁ፤ እስከዚያው መኪናዋን ልመጃት» አሉኝ። መልመድ ማለት ማጠብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ባልዲ ተሸክሜ ጎማ ፈተግሁ፣ ፓራፋንጎ ወለወልሁ፣ ምንጣፍ አራገፍሁ። (የሳሙናው ውኃ የት ይሄድ እንደነበር ዛሬ ባላስታውሰው እመርጣለሁ።) ትምህርት ቤት ተዘጋ። መሪው ላይ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሜ ሆነ። እኔ ለምን እንዳልሆንኩ ስጠይቅ «እግርሽ ፍሪሲዮኑ ጋ አይደርስም» ተባልሁ። ወንድሜ ያን ጊዜ ከእኔ በስንዝር ያጥር ነበር። ለእሱ ግን ከጀርባው ትራስ ተደረገለት። ትራስ! ያውም ከእኔ አልጋ የተወሰደ።

ዛሬ ወንድሜ አዲስ አበባ ቪትዝ ይነዳል፤ አውቶማቲክ። አጎቴ ደግሞ መማር መጀመሬን ሰምተው ስልክ ደወሉልኝ። «ማንዋል ነው አይደል? አውቶማቲክ መንዳት መንዳት አይባልም፤ መቀመጥ ነው» አሉኝ። ይህን ለቪትዙ ባለቤት ነግረውት እንደሆነ ብጠይቃቸው መስመሩ መቆራረጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ወንድ ሞተር ሲጠፋበት መንገደኛው ሁሉ «መኪናው ችግር አለበት» ይላል፤ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ባትሪው ይነካካል፣ ሻማው ይጠረጠራል። ሴት ሲጠፋባት ኮፈን የሚከፍት የለም። ምርመራው አልቋል፣ ምክንያቱ መሪው ላይ ተቀምጧል። በዚያች ቅጽበት የሚሰጠኝ ምክር ለእኔ ተብሎ የተሰጠ እንዳልሆነ ከድምፁ አውቀዋለሁ። ሰውዬው አጠገቡ ለቆሙት ሰዎች ማወቁን እያሳየ ነው። ማርሽ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ ቤት ገዝታ ልጆች ያስተማረችን ሴት በአደባባይ «ዝም ብለሽ ቤትሽ ግቢ» ሲላት መስማት ያንገበግባል። ተብዬአለሁ። የተናገረው ሰው ደግሞ ከባጃጅ ሲወርድ ሁልጊዜ በተሳሳተው በኩል ነው የሚወርደው፤ አውቀዋለሁ፣ የሰፈሬ ሰው ነው።

የሚገርመው ይህ ሁሉ መከራ ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበ ጥበብ ለመማር መሆኑ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። አሁን የሚመጡት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው፤ ፍሪሲዮን የሚባል ፔዳል የላቸውም። የኤሌክትሪክ ሞተር መኪናው ሲቆም አብሮ ይቆማል፣ ለመነሣት ሲፈለግም ከዜሮ ጀምሮ ይጎትታል፤ በመካከል ሽማግሌ አያስፈልገውም። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የአደባባዩ ሕዝብ ነው። ሞተር ሲጠፋ የሚመክር ሰው፣ መብራት ሲጠፋ ማንን ሊመክር ነው?

ስለ ለማጅ ነበር የጀመርኩት። ከተማችን ሜዳ በመሆኗ ዳገት ላይ መነሣትን ለመለማመድ ዓባይን ተሻግሮ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣት ግድ ነው። ጃንሆይ ቤተ መንግሥታቸውን እዚያ ያሠሩት ሐይቁንና ዓባይን ቁልቁል ለማየት ይመስለኛል፤ ለማጆችን ግን ከዚህ የበለጠ የጠቀመን ንጉሥ የለም። አስተማሪዬ ማልዶ ይወስደኛል፣ መካሪ ከመንቃቱ በፊት። እጅ ፍሬኑን ስቦ መቆም፣ አንደኛ ማርሽ ማስገባት፣ ያቺን ቦታ በጆሮ መፈለግ፣ ሞተሩ ድምፁን ሲያወፍር ነዳጅ ጨመር አድርጎ እጅ ፍሬኑን ማውረድ። ባለፈው እንደዚህ እያደረግሁ ሳለ በስፖኪዮ ሳይ ከኋላዬ የላም መንጋ ቆሟል። ዳገቱን ይዘው፣ መኪናው እስኪነሣ ድረስ እያመነዠኩ ጠበቁኝ፤ ክላክስ የለ፣ ጩኸት የለ። ሞተሩን ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

እረኛው ግን ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ መስኮቴ ሲጠጋ አየሁት። ጉሮሮውን ጠረገ። መስታወቱን ዘጋሁ።