ይድረስ ለክቡር የሳሎኔ ሽታ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ትንፋሼን ዋጥ ከማድረጌ በቀር በጣም ደህና ነኝ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። እንግዳ ሲመጣ እኔ ነጠላ ጫማዬን እስክፈልግ ድረስ እርስዎ በሩ ላይ ቀድመው ይቀበሉልኛል። ባለፈው አክስቴን እንዴት እንደተቀበሏት አይቻለሁ፤ ገና አንድ እግሯን ስታስገባ አቀፏት። እሷም የአንገቷን ሻርፕ ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ «ልጄ፣ መስኮቱ አይከፈትም እንዴ?» አለች።

«ሞቆሽ ነው?»

«አዎ፣ ሞቆኝ ነው።»

ውጭ ዶፍ ይወርድ ነበር። ደግ ሴት ናት። (አክስቴን «አንቺ» እያልኩ እርስዎን «አንቱ» ማለቴ አይግረምዎ፤ በዚህ ቤት በቆዩበት ዘመን ልክ ነው።)

እኔማ ምንም አይሸተኝም ነበር፤ ብልጠትዎ እዚህ ላይ ነው። የሰው አፍንጫ 400 ያህል ዓይነት ሽታ ተቀባዮች አሉት። ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክሰል የእነዚህን ተቀባዮች ምስጢር ፈልቅቀው እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። የእኔዎቹን ግን እርስዎ በጥቂት ደቂቃ እሹሩሩ ብለው ያስተኟቸዋል። አንድ ሽታ ሳይቋረጥ ሲመጣበት አፍንጫ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ ዝም ይላል፤ ስለዚህ የቤቱን ሽታ መጨረሻ ላይ የሚሰማው ባለቤቱ ነው። ከውጭ ስገባ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ የእኔ ናቸው፤ እነሱንም ስልኬ ላይ አፍጥጬ አሳልፋቸዋለሁ።

አክስቴ ስትሄድ ጦርነት አወጅኩ። መጀመሪያ የዘመተው ላዩ ላይ ጫካ የተሳለበት የሚረጭ ሽቶ ነው። ግማሹን ረጨሁት። ውጤቱ ጫካ ውስጥ የጠፋ እርጥብ ውሻ ሆነ። ቂጥ ገልቦ ክንብንብ ይሏል ይሄ ነው።

ከዚያ ወደ ተፈጥሮ ዞርኩ። ድስት ሙሉ ውሃ ጣድኩ፤ የሎሚ ልጣጭ፣ አምስት ስድስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ አንድ ስንጥር ቀረፋ፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ጨመርኩበት፤ እሳቱን ዝቅ አድርጌ ክዳኑን አነሳሁ። እውነቱን ልናገር፣ ቤቱ ለሃያ ደቂቃ የሰው ቤት መሰለ። ቀድሞ የሚመጣው ሎሚው ነው፤ ልጣጩ ውስጥ ያለው ሊሞኒን ችኩል ነው፣ ቶሎ ተንኖ ቶሎ ይጠፋል። ቅርንፉዱ ግን ረጋ ያለ ነው፤ ዩጂኖል የሚባለው ዘይቱ ቀስ ብሎ ይነሳና መጋረጃው ላይ ያድራል። ድሌን ላጣጥም ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ውሃው አለቀ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ የእኔ ጉድ ግን ቅጠሉ ራሱ ነው የተቃጠለው። እርስዎም ጭሱን እንደ ካባ ደርበው ሳሎን መሃል ቁጭ አሉ።

ጎረቤቴ የባህር ዛፍና የቲ ትሪ (የሌላ ጠረነኛ ዛፍ) ዘይት በዲፊውዘር፣ ማለትም ዘይትን ወደ አየር በሚበትን ዕቃ፣ እንዳተንብዎ መክሮኝ ነበር። ያዳነችዎ ድመቴ ናት። የድመት ጉበት እንዲህ ያሉ ዘይቶችን በወጉ ማስወገድ አይችልም፤ ከተመረዘች በኋላ «ተፈጥሯዊ እኮ ነው» ብላት አትሰማኝም።

በማግስቱ የወደቀ ካልሲ ፍለጋ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ እጄን ሰደድኩ። አንድ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ ነገር ያዝኩ።

አንቱታው እዚህ ላይ ያበቃል። ፎጣ ነህ! ሳትደርቅ የተጠቀለልክ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣህ፣ መቼ እንደወደቅክ ራስህም የማታውቅ ፎጣ! ለዚህ ነበር እኔ ሎሚ ስልጥ፣ ድስት ሳሳርር የከረምኩት? ወንድምህንም የማሽኑ በር ላስቲክ እጥፋት ውስጥ አገኘሁት፤ ዝልግልግ ብሎ፣ በሰላም ተኝቶ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንደ መልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ቁጠረው። ላስቲኩ ይወለወላል፤ የማሽኑ በር ከእንግዲህ ገርበብ ብሎ ያድራል። መጋረጃው ይታጠባል። ሶፋውና ምንጣፉ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ተነስንሶ አድሮ ጠዋት በቫኪዩም ይሳባል። ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ መስኮቶች አንድ ላይ ይከፈታሉ፤ አንዱን ብቻ ስከፍት መጋረጃውን እያወዛወዝክ ስትዝናና አይቼሃለሁና። አንተ ራስህ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ መጣያው ነህ፤ ይግባኝ የለም።

ይህን ጽፌ ሳልፈርም እሁድ ደረሰና አክስቴ ተመልሳ መጣች። ዓይኔን ሻርፗ ላይ ተክዬ በሩን ከፈትኩላት። ሻርፑ ከአንገቷ ንቅንቅ አላለም። ገብታ ተቀመጠች።

«እሺ፣ ምን ሸተተሽ?» አልኳት።

አየሩን ሳብ አደረገች፤ አሰበች፤ ደግማ ሳብ አደረገች።

«ምንም» አለች።

ቅርንፉዱን አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ከድስቱ አጠገብ ቆሜ ነበር ያፈላሁት።