ክብር ለአክባሪዎቻችን

ሐዋሳ ውስጥ ለተባረከ ዕቃ እንደኛ እንደ ካቶሊኮቹ የሚጨነቅ ካለ ይምጣና እንከራከር። የተበጠሰ መቁጠሪያ ቆሻሻ ውስጥ አንጥልም። የተቀደደ የእመቤታችንን ሥዕል ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር አናገናኝም። እንዴት ተደርጎ! እኛ ጨዋዎች ነን። ሁሉንም አንድ ፌስታል ውስጥ እንከትና፣ ጥብቅ አድርገን እንቋጥርና፣ ግራ ቀኝ አይተን ቤተክርስቲያኑ ግቢ ያለው፣ የእመቤታችን ሐውልት የቆመበት ዋሻ ሥር አስቀምጠን ላጥ እንላለን።

ይህን ጥበብ የሚያደንቅ ጠፍቶ ነው እንጂ ሽልማት ይገባው ነበር። አስቀማጩ መጀመሪያ ይንበረከካል። ያማትባል። አጭር ጸሎት ያደርሳል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሐውልቱን እግር ሲስም፣ በሌላኛው እጁ ፌስታሉን ከአበባው ኋላ ገፋ ያደርጋል። ሲነሳ ፊቱ ላይ የሚነበበውን ሰላም ብታዩ ንስሐ ገብቶ የወጣ ነው የሚመስላችሁ። ደግሞ ቀን የሚመጣ የለም፤ ሲመሽ ነው። «ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ቃል በተግባር ያዋለ ሰው ካለ እሱ ነው።

ጠዋት ፌስታሉን የሚፈታው ዘበኛው ነው። ምን አለ? ግማሽ መቁጠሪያ። የሻማ ጉማጅ። የዛሬ ስንት ዓመት የነበረ ካላንደር። ከፈረንሳይ፣ ከሉርድ የመጣች፣ ሰማያዊ ክዳን እንደ ዘውድ የደፋች፣ ጸበሏ ያለቀ ባዶ የፕላስቲክ ማርያም። አንገቱ ላይ የተቀነጠሰ ቅዱስ አንጦንዮስ። ይኸው የጠፋ ዕቃ አስገኚ ተብሎ የሚለመነው ቅዱስ፣ የራሱን ራስ ማን ያስገኝለት? ፌስታሉ ውስጥም የለም። ቤት ቀርቷል፣ ሶፋ ሥር ሳይሆን አይቀርም። ከታች ደግሞ ሁለት ያለቀ የሪሞት ባትሪ። እነዚህ እንኳ መቼ እንደተባረኩ አላውቅም።

ይህ ግን አንደኛው ወገን ነው። ሁለተኛው የመሳቢያ ወገን ነው፤ እሱን ደግሞ ከልብ አከብረዋለሁ። የመሳቢያ ወገን ምንም አይጥልም። አያቃጥልም፣ አይቀብርም፣ አይሰጥም። መሳቢያውን ይከፍታል፣ ይጨምራል፣ ይዘጋል። እዚያ ውስጥ ሜዳልያ ከጥፍር መቁረጫ፣ የቁርባን መታሰቢያ ሥዕል ከውሃ ደረሰኝ ጋር በፍቅር ይኖራሉ። «ለምን አታስወግዱትም?» ብትሉ «ኧረ የተባረከ ነው! ይቀስፈኛል!» ይሏችኋል። መሳቢያው ውስጥ ከበረሮ ጋር ሲያድር ግን መቅሰፍት የለም። መቅሰፍት የሚመጣው ክብሪት ሲጫር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ወገን የእኛው የሐዋሳ ልዩ ምርት ነው፤ የሐይቅ ወገን። ይህ ወገን ትንሽ ገጣሚ ነገር ነው። የተሰበረውን ሐውልት በጋዜጣ ጠቅልሎ ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ወይ አሞራ ገደል ይወርድና ወደ ውሃው ይለቀዋል። «ውሃ ንጹሕ ነው፣ ይወስደዋል» ይላል። ወዴት ነው የሚወስደው? ሐዋሳ ሐይቅ እኮ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣበት ግን የለም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ነው። የጂፕሰም ሐውልት ከሆነ እሺ፣ ቀስ ብሎ ይሟሟል። ፕላስቲክ ከሆነ ግን ከልጅ ልጆቻችን ጋር ይተዋወቃል። ቆሮሶ ዓሣ ላጠምድ ብሎ መረቡን የጣለ ዓሣ አጥማጅ ቅዱስ ዮሴፍን ቢጎትት ምን ይበል? ዳር ላይ የቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንኳ አይተው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እነሱ የማይበሉት ነገር ጥቂት ነው።

አሁን ነገሩን ለማበላሸት ሕግ የሚጠቅስ ሰው አይጠፋም። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተክርስቲያን ሕግ ቁጥር 1171 ላይ፣ ለአምልኮ የተለዩ ወይም የተባረኩ ዕቃዎች በግለሰብ እጅ ቢሆኑ እንኳ በክብር ይያዙ፣ ለዓለማዊ ወይም ለማይገባ ነገር አይዋሉ ይላል። ይኸው ነው። ስለ ፌስታል ምንም አይልም፤ እንግዲህ ካልተከለከለ ተፈቅዷል ማለት ነው! ስለ እሳትና ስለ አፈርም አይልም እንጂ፣ ከጥንት የቆየው ልማድ ግን የሚቃጠለውን ማቃጠል፣ የማይቃጠለውን መቅበር ነው። ወረቀት፣ ጨርቅና ዘንባባ ይቃጠላል፣ አመዱም አፈር ይገባል። ሐውልት ቅርጹ እስኪጠፋ ይሰባበርና ይቀበራል። ብረትና ፕላስቲክም እንደዚያው፤ ፕላስቲክ ማቃጠል ጎረቤት ማስነጠስ ነው። የተባረከ ውሃ አፈር ላይ ይፈስሳል። ሻማ ደግሞ ቀላሉ ነው፤ ጸሎት ላይ እስኪያልቅ ማብራት። ያልተባረከ ካላንደር ከመጀመሪያውም ወረቀት ነው፣ ሥዕሉ ካሳሳችሁ ቆርጣችሁ አስቀሩት። መቁጠሪያማ ብዙ ጊዜ መጣልም አያስፈልገው። 59 ፍሬ ነው፤ ከገመዱ የተፈታች አንዲት ቀለበት በፒንሳ ጠበቅ ብትደረግ ዳግም ይጸለይበታል።

ይህ ሁሉ ግን ለተራ ሰው ነው። አካፋና ክብሪት ላለው። እኛ የት አለን? አካፋው አለ፣ ግን ለአበባ ነው። ክብሪቱም አለ፣ ግን ለከሰል ነው። ግቢም አለን፣ ግን መኪና ይቆምበታል። ኮንዶሚኒየም ያለው ደግሞ ተገላገለ፤ «አፈር የለኝም» ብሎ ይምላል፣ በረንዳው ላይ የተደረደሩት ስድስት ባልዲ አበቦች ምን ላይ እንደበቀሉ አትጠይቁት።

አንዳንዱ ሥራውን ለቤት ሠራተኛዋ ይሰጣል። «አንቺ፣ ይሄን ጓሮ ወስደሽ አቃጥይው፤ እኔ እፈራለሁ።» ልጅቷ ከገጠር የመጣች የቃለ ሕይወት አማኝ ነች። እሷን ቢቀስፋት ችግር የለም ማለት ነው። ይሄ በእውነት የሃይማኖቶች መከባበር ነው፣ በዓይነቱ ልዩ።

አንድ ቄስ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። «እናቴ፣ የሚቃጠለው ወረቀት ነው እንጂ እመቤታችን አይደለችም። አቃጥለሽ አመዱን መሬት ስትሰጭ ያከበርሽው ነው» አሏት። ሴትየዋ በጥሞና ሰማች። ራሷን ነቀነቀች። ገባት። «እውነትዎን ነው አባ» አለች። «እንግዲያው እርስዎ ያቃጥሉልኝ፤ እርስዎ ቄስ ነዎት፣ አይቀስፍዎትም።» ከነጠላዋ ሥር ፌስታሉን አወጣች። ይዛው ነበር የመጣችው!

በነገራችን ላይ ቄሱ የሚያቃጥሉት ጠፍቶ አይደለም። እንደ እኛ የላቲን ሥርዓት በሚከተል ቁምስና የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ግንባራችን የሚቀባው አመድ የአምናው የሆሳዕና ዘንባባ ተቃጥሎ ነው የሚገኘው። ከዚያ የተሻለ አወጋገድ ማን ያስባል? ቤተክርስቲያን ራሷ ክብሪት ጭራ እያሳየችን ነው። ስለዚህ ከጾሙ በፊት ማስታወቂያ ይነገራል፤ «ምእመናን፣ ያለፈውን ዓመት ዘንባባ አምጡ።» በሩ ላይ ትልቅ ካርቶን ይቀመጣል።

ያን ካርቶን በሳምንቱ ማየት ነው! ሕዝባችን ታዛዥ ነው፣ ጥሪ ሲሰማ ይወጣል። ክንፍ የሌለው መልአክ መጥቷል። የሰርግ ሻማ መጥቷል፣ ከነሪባኑ። የጳጳስ ጉብኝት ያለበት የተቧጨረ ሲዲ መጥቷል። መስታወቱ የተሰነጠቀ የልበ ኢየሱስ ሥዕል ከነፍሬሙ መጥቷል፤ ፍሬሙ ላይ ደግሞ «ከቻላችሁ ፍሬሙን መልሱ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ዘንባባ ብቻ የለም። ዘንባባው የት ሄደ? ዘንባባውማ ሳሎን ነው፣ ከሥዕሉ ኋላ፣ የዘንድሮው በአምናው፣ የአምናው በካቻምናው ላይ ተሰክቶ፣ ሸረሪት አድርቶበት። ለበረከት ነው። እሱን እንዴት ይሰጣሉ? የተባረከ እኮ ነው!

አባ አመዱን ከየት እንዳመጡት አልጠይቅም። ጥቂት አሮጊቶች ናቸው ሁልጊዜ የሚያድኗቸው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ሦስት አራት ዘለላ የሚያመጡት። እነሱ ስለ ክብር ብዙ አያወሩም፣ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አይመለከታቸውም።

ካርቶኑን ያራገፈው ያው ዘበኛው ነበር። ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የሚቃጠለውን አቃጥሎ፣ የማይቃጠለውን ሰባብሮ ቀበረ። ላብ በላብ ሆኖ ሲመለስ አንዲት ወይዘሮ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች። ልታመሰግነው መስሎት ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ቅድም ዕቃ ያመጣሁበት ቢጫ ፌስታል ነበረች» አለችው። «አንድ ያገኘኋት እሷን ነበር፤ አሁን ፌስታል በአዋጅ ተከልክሎ የለም እንዴ? የት አደረጓት?»