ይድረስ ከኋላ አግዳሚ ለሚቀመጡት የፊልም ተንታኝ

ለተከበሩ የኋላ አግዳሚ ተንታኝ
ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ዳር ባለው ቪዲዮ ቤት

ጉዳዩ፦ ፊልሙን ከፊልሙ ቀድመው መተረክዎን እንዲያቆሙ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጉዳዩን በቃል ከማስረዳት ይልቅ በግልጽ ደብዳቤ ለማቅረብ የተገደድኩት፣ ዞር ብዬ ልናገርዎ በሞከርኩ ቁጥር «ቆይ፣ አሁን ከበሩ ኋላ አንዱ ይወጣል» እያሉ ስለሚያቋርጡኝ መሆኑን እንዲረዱልኝ እጠይቃለሁ። ከበሩ ኋላም በእርግጥ አንዱ ይወጣል። አቤቱታዬም ይኸው ነው፤ ቢሳሳቱማ ኖሮ ቀልድ ነው ብዬ አልፌው፣ ጎን ለጎን በሰላም በተቀመጥን።

ክሴ ያለ ማስረጃ እንዳይቀር ሰሞኑን በቪዲዮ ቤታችን የታየውን «ከ28 ዓመታት በኋላ» የተባለውን የእንግሊዝ ፊልም ላንሳ። እንደሚያውቁት (እርስዎ የማያውቁት ነገር አለ ለማለት ድፍረቱ የለኝም) በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2002 ዳኒ ቦይል ያዘጋጀውና አሌክስ ጋርላንድ የጻፈው የመጀመሪያው ክፍል ጊዜውን የሚቆጥረው በቀናት ነበር፤ በ2007 ሌላ አዘጋጅ በሳምንታት የሚቆጥረውን አስከተለ፤ በ2025 ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ተመልሰው በዓመታት የሚቆጥረውን አመጡልን። ገና ርዕሱ ብቅ ሲል «ወሩን የት ዘለሉት?» ብለው የጮኹት እርስዎ ነዎት። እውነቱን ለመናገር ጥያቄዎ ቁም ነገር ነበረው፤ እዚያው ላይ ቢያቆሙ ኖሮ አምሽተን ባመሰገንንዎ ነበር።

አላቆሙም። ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ በቫይረስ የተለከፉት ሰዎች ፓሪስ ገብተው ወደ ኤፍል ማማ ሲሮጡ ማየታችንን አስታውሰው «ታዲያ ፓሪስ የት ገባች?» እያሉ፣ ፊልሙ እስኪጋመስ ድረስ ፈረንሳይን ሲፈልጉልን አመሹ። ፊልሙ ግን ወረርሽኙ ከአውሮፓ ምድር ተገፍቶ መመለሱንና ብሪታንያ ብቻዋን ተከልላ መቅረቷን መግቢያው ላይ በጽሑፍ ገልጾ ጨርሷል። ጽሑፉ በሚያልፍበት ሰዓት እርስዎ ከኦቾሎኒ ሻጩ ጋር ጥቅሉ አነሰ በሚል ክርክር ላይ ነበሩ፤ ክርክሩንም ረትተዋል፤ ለዚያ ምስክር ነኝ።

ቀጥሎ የመጣው «ዞምቢ ይሮጣል እንዴ? ሬሳ እኮ ነው!» የሚለው ተቃውሞዎ ነው። በዚህ እንኳ ብቻዎን አይደሉም፤ የዓለም ተመልካች የመጀመሪያው ክፍል ከወጣ ጀምሮ የሚጨቃጨቅበት ጉዳይ ነው። እየተጎተተ የሚሄደውን ሬሳ በሲኒማ በሰፊው ያስለመደው ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 በሠራው ባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በቦይል ፊልሞች ውስጥ የምናያቸው ግን ከመቃብር የተነሡ አይደሉም። ካምብሪጅ ካለ ቤተ ሙከራ፣ ከተለቀቁ ቺምፓንዚዎች ወደ ሰው የተላለፈ የቁጣ ቫይረስ በአንዲት ጠብታ ደም፣ በሴኮንዶች ውስጥ ያሳበዳቸው በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ምግብ ካጡም እንደ ማንኛችንም በረሃብ ይሞታሉ። በሕይወት ያለ፣ ያውም የተቆጣ ሰው ለምን አይሮጥም? ጠዋት ጠዋት ወደ መሐል ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ብቅ ሲል የሰፈራችን ሰው እንዴት እንደሚሮጥ አይተው የለም? ይህን ሁሉ ላስረዳዎ አፌን ስከፍት፣ ለክፋቱ፣ መሬት ለመሬት እየተሳቡ ትል የሚለቅሙት ወፍራሞቹ ልክፍተኞች ብቅ አሉ። እርስዎም ከአግዳሚው ብድግ ብለው «አላልኳችሁም!» አሉ። የቴሌቪዥኑ ግማሽ በጀርባዎ ተሸፈነ።

የመጀመሪያው ክፍል መሪ ተዋናይ ስለ ነበረው ስለ ኪሊያን መርፊ ያነሡትን ክርክር ደግሞ በዝምታ ላልፈው አልችልም። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. የፊልሙ ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ከሣር መሐል የሚነሣውን ከሲታ ልክፍተኛ አይቶ «ይህ የመጀመሪያው ክፍል አክተር ነው» ያለው ተመልካች ብዙ ነበር። በኋላ ግን ሌላ ሰው መሆኑ ተነግሯል፤ መርፊም በዚህ ክፍል ውስጥ አይታይም። እርስዎ ግን ያ ከሲታ ሰው ሲነሣ «አክተሩ መጣ!» ብለው አጨበጨቡ፤ ከፊት ያሉት ልጆችም አምነውዎት አብረው አጨበጨቡ። በቪዲዮ ቤት ሕግ አክተር እንደማይሞት ስለሚያውቁም፣ እስኪያልቅ ድረስ ተመልሶ ቦሱን ይጥላል ብለው ሲጠብቁ ቆዩ። በዚህ ፊልም ውስጥ አክተር ሊባል የሚገባው አንድ የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ በእርሱ ዕድሜ ያሉት የሰፈራችን ልጆች ግን በእርስዎ ምክንያት ሳያዩት ቀሩ።

ቀስት የልክፍተኛውን ገላ ሲበሳ ምስሉ ለቅጽበት ቀጥ ብሎ በጎን እንደሚዞር ያስታውሳሉ። ፊልሙ በአብዛኛው የተቀረጸው በአይፎን 15 ፕሮ ማክስ ነው፤ ለዚያች ቅጽበትም እስከ 20 የሚደርሱ ስልኮችን በአንድ ማቀፊያ ላይ በግማሽ ክብ ደርድረው ነው የቀረጿት። ሰዎቹ ይህን ያህል የደከሙባትን ትዕይንት እርስዎ «ተንጠለጠለ! ፍላሹ ቫይረስ አለው፤ አውጥተህ መልሰው!» ብለው ፈረዱባት። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤትም ደንበኛ አክባሪ ነውና ነቅሎ ሰካው፤ ከመጀመሪያው ጀመረ። ስለ ፓሪስ የሚናገረው ጽሑፍ ለሁለተኛ ጊዜ አለፈ። እርስዎ ያን ጊዜ ስለ ፍላሽ ጥራት ለጎረቤትዎ ማብራሪያ እየሰጡ ነበር።

ትርጉሙንም እንዲሁ ማንም ሳይጠይቅዎ ተረከቡት። ዋናው ታሪክ የሚጀምርበት መንደር በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ባለችው በሊንዲስፋርን ደሴት ላይ ነው፤ ወደ ዋናው ምድር የሚወስደው መንገድ ባሕሩ ሲሸሽ ይገለጣል፣ ሲሞላ ይሰወራል። አባትና ልጅ ውኃው እየሞላ፣ ከኋላቸው እየተባረሩ በዚያ መንገድ ሲሮጡ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር። እርስዎ «ጎርፍ ነው፤ አቃቂ ወንዝም በክረምት እንዲሁ ያደርጋል» ብለው አረጋጉን። ለመረጋጋት አልነበረም የከፈልነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲለዩልኝ እፈልጋለሁ። ድምፅ የሚባል አይሰማ የምል ሰው አይደለሁም። ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር በሚያጓራበት ቤት ውስጥ ጸጥታ መጠየቅ ነውር ነው። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና በቀዳዳ የምታየው እናት «በስመ አብ!» ስትል፣ ከፊት ያሉት ልጆች ተያይዘው ሲጮኹ፣ ጥግ የሚቀመጡት ሽማግሌ «ምን ያለው ጉድ ነው» ብለው ሲያማትቡ፣ ያ ሁሉ ለእኔ የፊልሙ ግማሽ ነው፤ ቤቴ ብቻዬን በስልክ ባየው አላገኘውም። ልዩነቱ እነርሱ የሚጮኹት ነገሩ ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው። እርስዎ ከመድረሱ በፊት ይናገራሉ፤ ስለዚህ ሲደርስ የሚጮህ ሰው አይገኝም።

ምስጢሩን ደርሼበታለሁ። ፊልሙን በቴሌግራም አውርደው ቤትዎ አይተውታል። ያዩትን ፊልም ገንዘብ ከፍለው ዳግም ለማየት የሚመጡት ሌላው ሲደነግጥ እርስዎ አለመደንገጥዎ እንዲታይልዎ ነው። በዚህ እንዳልቀናብዎ አንድ ነገር ያጽናናኛል። ፊልሙ አልቆ ስንወጣ፣ መስኮት ያልገባላቸውን ጅምር ሕንፃዎች አልፈን፣ ውሻው የሚበዛበትንና አልፎ አልፎም ጅብ የሚሻገርበትን ጨለማ መንገድ ስንይዝ፣ ማምሻውን ሁሉ ስንቀደም የነበርነው እኛ ከፊት እንሆናለን፤ እርስዎ መሐል ይገባሉ።

ስለ ፊልሙ ፍጻሜ፣ ያላዩት አንባቢዎች ስላሉ፣ እዚህ አንዲት ቃል አልጽፍም። የዓለምን ተመልካች ለሁለት የከፈለ፣ ገሚሱ «ምን ዓይነት ቀልድ ነው» ያለበት፣ ገሚሱ በድፍረቱ ያደነቀው ፍጻሜ ነው፤ የራሴን ፍርድ ለመስጠት እጓጓ ነበር። ሆኖም ገና ሩብ ሰዓት ሲቀረው ከነሰዎቹ አለባበስ ስለ ነገሩን፣ ሲመጣ የቀረልን «ይኸው፣ እንዳሉት ነው» ማለት ብቻ ነበር።

ተከታዩ ክፍል በጃንዋሪ 2026 ወጥቷል፤ ያዘጋጀችው ኒያ ዳኮስታ ናት፤ ፍላሹም ቪዲዮ ቤታችን መድረሱ አይቀርም። ስለሆነም ለባለቤቱ ይህን ሐሳብ አቅርቤአለሁ፦ እርስዎ ያለ ክፍያ በር ላይ ይቁሙና ገንዘብ ለሌለው ሁሉ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርኩለት፤ የከፈልነው ውስጥ ገብተን እንደንግጥ። ባለቤቱ ሐሳቡን ወዶት ነበር፤ ኋላ ግን «በር ላይ ከተረከልን ማን ከፍሎ ይገባል?» ብሎ ተወው። አማራጭ ካለዎት በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ በቃል አይሁን።

ከሰላምታ ጋር
የፊተኛው አግዳሚ ተቀማጭ

ግልባጭ፦
ለቪዲዮ ቤቱ ባለቤት፣ ፍላሹ ጤነኛ መሆኑን እንዲያውቅ
ለኦቾሎኒ ሻጩ፣ በሚቀጥለው ፊልም ለኋላ አግዳሚ አፍ የሚሞላ ጥቅል እንዲያዘጋጅ፤ ሂሳቡን እኔ እከፍላለሁ