ክርስትና እናቷ ትማር?

ደብረ ብርሃን ላይ እኛ ካቶሊኮች ጥቂት ነን። ከቅዳሴ በኋላ አንዳችን ቤት ቡና ላይ እንሰባሰባለን። ሰሞኑን የተሰበሰብንበት ቤት ሴት ልጅ ተወልዳለች። 80 ቀኗ ሊሞላ ነው፤ ክርስትና ልትነሳ ነው። አባትየው ግን ተቆጥቷል።

«አባ ‹እናንተም ክርስትና እናቷም ለትምህርት ኑ› አሉን» አለ። «የምትጠመቀው ልጄ፣ የምንማረው እኛ! የድግሱ ሩጫ አይበቃንም?»

አክስቱ ደገፉት። «በኛ ጊዜ ማን አስተማረን? ልጁን ታቅፈን ሄድን፣ ተጠመቀ፣ በላን ጠጣን። ይኸው አንተም አድገህ ቅዳሴ ትሰማለህ።»

የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪያችን ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። «እሱስ ይሁን፣ እትዬ» አሉ። «ግን ክርስትና እናቷ ሕፃኗን ይዛ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ትክዳለች። ወደ ምሥራቅ ዞራ እምነቷን ትናገራለች። ሕፃኗ አፍ አልፈታችም፤ የምትናገርላት እሷ ናት። የምትለውን ሳታውቀው ትበል?»

አባትየው ትንሽ ዝም አለና የልቡን አወጣ። ለክርስትና እናትነት ያሰባት ጎረቤቱን ነው። ኦርቶዶክስ ናት። ሚስቱን በሌሊት ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረሰቻት እሷ ናት። አራሷንም ገንፎ እያገነፋች ስትጠይቃት ከርማለች። «ከሷ ሌላ ማንን አበልጅ ላድርግ? ነይ ተማሪ ብላት ደግሞ ሃይማኖትሽን ቀይሪ ያልኳት ይመስላታል።»

«አይቻልም፤ ካቶሊክ ፈልግ» አለች ከአዲስ አበባ የመጣች ወዳጃችን።

«ብቻዋን ነው የማይቻለው» አሉ አስተማሪው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን፣ እኛ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮችም የምንመራበትን የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ጠቀሱ። ቁጥር 685 ላይ፣ በቂ ምክንያት ካለ ካቶሊክ ያልሆነች የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ምእመንም፣ እንደ ጎረቤቲቱ ያለች ኦርቶዶክስ፣ ክርስትና እናት እንድትሆን ትፈቀዳለች። ግን ሁልጊዜ ከካቶሊክ ጋር ሆና ነው። አባትና እናት ለገዛ ልጃቸው ክርስትና ወላጅ መሆን አይችሉም።

«እንግዲያው እኔ አብሬያት እቆማለሁ» አሉ አክስትየው።

«እርስዎም ይማራሉ ማለት ነው» አሏቸው። አክስትየው መልስ አልሰጡም።

«የጎረቤቲቱ የነፍስ አባትስ እሺ ይላሉ?» አለች ወዳጃችን። ይህን እዚያ የነበረ ሰው ሊመልስላት አልቻለም።

እኔ ከአስተማሪው ጋር ነኝ። ያው ቀኖና ቁጥር 686 ላይ፣ ወላጆችም ክርስትና ወላጆችም ስለ ምሥጢሩና ስለ ግዴታቸው በሚገባ እንዲማሩ እንዲያደርግ ቆሞሱን፣ ማለትም የቁምስናውን ኃላፊ ካህን፣ ያዝዘዋል። በግዕዝ ሥርዓታችን ደግሞ ሕፃኑ በተጠመቀበት ዕለት ሜሮንም ይቀባል። በኋላ ለሜሮን ሲዘጋጅ እንማራለን የሚባል ሌላ ጊዜ የለም። ብዙዎቻችን አበልጅ የምንመርጠው በውለታና በቅርርብ ነው። ውለታ መመለስ ደግ ነው፤ እኔም የጎረቤቲቱን ደግነት ስሰማ ልቤ ተነክቷል። ግን ልጅቷ አድጋ «ስለምን ተጠመቅሁ?» ስትል የሚመልስላት ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው በመጀመሪያ አባቷ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ለኛ ምን ያደርጋል ማለቱን አልቀበለውም።

በአንድ ነገር ግን እውነት አለው። ትምህርቱ የድግስ ሰሞን መጣሉ ልክ አይደለም። እናቲቱ አራስ ናት፤ ቤቱ በእንግዳ ይጨናነቃል። ትምህርቱ በእርግዝናው ወራት ቢጀመር ሁሉም ረጋ ብሎ ይማር ነበር፤ አበልጅም ታስቦበት ይመረጥ ነበር።

ጎረቤቲቱንም አስቀድሞ ያነጋግራት። ሃይማኖት ቀይሪ የሚላት እንደሌለ በግልጽ ይንገራት። ከነፍስ አባቷ ጋር ትመካከር፤ ከፈለገች ትምህርቱ ላይ ከአክስቱ ጎን ትቀመጥ። አልሆንም ብትልም አይቀየማት። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ካጠረ ድግሱ አንድ ሁለት እሁድ ይገፋ።