ጋዝ ሞላችሁ እንጂ ኤሲዬን መቼ ቀየራችሁት?

ጎበዝ፣ ከርሜ ከርሜ ሆዴ ውስጥ የተጠራቀመውን ዛሬ ላውጣው። በተለይ ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ፣ ኮምቦልቻን አልፋችሁ ወደ ባቲ የምትነዱ ባለ አሮጌ መኪናዎች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መኪናዬ 1989 ሞዴል ኮሮላ ናት። ኮፈኗ ስር የተለጠፈው ወረቀት የኤሲዋ ማቀዝቀዣ ጋዝ አር 12፣ ልኩም 700 ግራም መሆኑን ይናገራል። "ደሴ ላይ ደግሞ ኤሲ ምን ያደርግልሃል?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ፣ የፊት መስታወቱ ከውስጥ አልቦ፣ በአንድ እጅ መሪ በሌላው ጨርቅ ይዞ ሐረጎን የወረደ ሰው ግን አይጠይቀኝም። ኤሲ ከአየሩ ላይ እርጥበቱን ስለሚያወጣ ያንን መስታወት ወዲያው ያጠራዋል። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ባቲ ገበያ እወርዳለሁ። ባቲ ከደሴ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናት፤ ሙቀቱን የወረደ ያውቀዋል። አብራኝ የምትሄደው ደግሞ ደም ግፊት ያለባት እናቴ ናት።

ኤሲው ማቀዝቀዝ ሲያቆም ደሴ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። "አር 12 አሁን የለም፣ በ134 እንቀይረዋለን" አለኝ መካኒኩ። እውነቱን ነው። አር 12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከምርት ወጥቷል፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የተሠሩ መኪኖችም በአር 134ኤ ነው የመጡት። እሺ ቀይረው አልኩት።

ከዚያ ያደረገውን ልንገራችሁ። የቫልቩን መርፌ በካቻቢቴ ጫን አደረገና የቀረውን ጋዝ ፉሽሽ አድርጎ አየር ላይ ለቀቀው። በእጅ የተሠራ ማያያዣ ገጠመ፣ የ134ቱን ጠርሙስ ከፈተ፣ ቧንቧውን በእጁ እየዳሰሰ "ቀዝቅዟል፣ በቃ" አለ። ሚዛን የለ፣ ዘይት የለ፣ የፈታው አንድ ብሎን የለ። 40 ደቂቃ ሳይሞላ 3,500 ብር ተቀበለኝና ሸኘኝ። ሦስት ሳምንት ቀዘቀዘልኝ፤ እኔም ጓደኞቼን ሁሉ "እዚያ ሂዱ" አልኳቸው። ይሄ አሁንም ይቆጨኛል።

ሲሞቅብኝ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እነሱ እንኳን ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየሩን ከመስመሩ የሚስብ ቫኪዩም ፓምፕ ነበራቸው። የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት 22 ኢንች ላይ ቆመ። "30 መድረስ ነበረበት፤ ኢቫፖሬተሩ ያፈሳል፣ ዳሽቦርዱ መውረድ አለበት" አሉኝ። ኢቫፖሬተር ማለት ዳሽቦርዱ ውስጥ ተቀብሮ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል ነው። ወገኖቼ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለነው! 30 ኢንች የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ራሱ ስለሚያንስ የፈለገው ዓይነት ፓምፕ ቢመጣ ቀስቱ ከ22 ብዙም አያልፍም፤ ኮምቦልቻ ላይ 24 አካባቢ ይቆማል። መታየት ያለበት ፓምፑ ጠፍቶ ቫልቮቹ ሲዘጉ ቀስቱ ባለበት መቆየቱ ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው ዳሽቦርዱ ተገንጥሎ ሲንቋቋ ቀርቶበት ይሆን? እኔ ዳሽቦርዴን አላስነካም ስላቸው ጋዝ ጨምረው ላኩኝ። ስንት ግራም እንደጨመሩ እነሱም አያውቁትም።

ከዚያ ያቺ ሰኞ መጣች። ኮምቦልቻን አልፈን ወደ ባቲ እየወረድን ከኮፈኑ ስር ሲጢጥ የሚል ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሽታ። ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ደርቆ ቆሞ ቺንጊያው ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይጨሳል። እናቴ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጥላ ከአንዲት ግራር ስር ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። "አብሽር ልጄ፣ መኪና ነው" ትለኛለች። እኔ እሷን ማየት አቅቶኝ ነበር።

መኪናዋን አስጎትቼ ኮምቦልቻ መለስኳት። አንድ ወጣት መካኒክ ፊቴ ፈታው። ከኮምፕረሰሩ አፍ ጣቱን አስገብቶ ሲያወጣው ግራጫ ጭቃ፣ ውስጡ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ። የቧንቧዎቹን ኦሪንጎች (መጋጠሚያው እንዳያፈስ የሚገቡትን የጎማ ቀለበቶች) ሲነካቸው እንደ ድርቆሽ ተሰባበሩ። ኢቫፖሬተሩን ሲያዘነብለው ግን ዘይቱ ተንዠቀዠቀ! ዘይት ነበር፤ ያለው ግን የማይጠቅምበት ቦታ ላይ ነው። የአር 12 መኪና የሚሠራው በሚኒራል ዘይት ነው። 134 ደግሞ ከሚኒራል ዘይት ጋር አይዋሃድም፣ ተሸክሞም ወደ ኮምፕረሰሩ አይመልሰውም። ዘይቱ አንዱ ጥግ ተኝቶ ይቀራል፣ ኮምፕረሰሩ ደረቁን ይሽከረከራል። እኔ "ቀዘቀዘልኝ" ብዬ ስደሰት ለካ ብረት ብረትን እየበላ ነበር።

ልጁ አሮጌውን ዘይት አውጥቶ መስመሩን አጠበ፤ ከቀረው ሚኒራል ዘይት ጋር የማይጣላውን የኤስተር ዘይት ጨመረ። ድራየሩን ለ134 በሚሆነው ቀየረው፣ ምክንያቱም የድሮው ውስጥ ያለው እርጥበት መጣጭ ፍሬ ከ134 ጋር አይስማማም። አረንጓዴዎቹን ኦሪንጎች በዘይት እያራሰ ገጠመ፣ ለ134 የሚሆኑትን ማያያዣዎች አሰረ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በፓምፕ ሳበው። ከዚያ ጠርሙሱን ሚዛን ላይ አስቀምጦ 600 ግራም ሞላ። 700 አይደለም! 134 ከድሮው ልክ ከ80 እስከ 90 በመቶ ነው የሚፈልገው፤ ሲበዛበት ግፊቱ ይንርና በተለይ ቆላ ላይ ኮምፕረሰሩን ያስጨንቀዋል። መጨረሻ ላይ የጋዙን ዓይነት፣ የዘይቱን ዓይነት፣ ግራሙንና ቀኑን ጽፎ ኮፈኑ ስር ለጠፈው። በተበላሸው ምትክ የተገጠመው ያገለገለ ኮምፕረሰር ለብቻው 18,000 ብር ወጣበት። ዘይቱ፣ ድራየሩና ኦሪንጎቹ ተደምረው የዚያን ሩቡን እንኳ አይሞሉም። እኔን የሚያነደኝ ይሄ ነው! መጀመሪያውኑ "ይሄ ይሄ መቀየር አለበት፣ ይሄን ያህል ያስወጣል" ብሎ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ከፍዬ እገላገል ነበር። ገንዘብ ስለሌለን ሳይሆን ስላልተነገረን ነው የምንከስረው።

ትናንት በዚያ በመጀመሪያው ጋራዥ በኩል ሳልፍ አንድ ነጭ አሮጌ ኮሮላ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ካቻቢቴው ወጥቷል። ማለፍ አቃተኝ፣ ወረድኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። "አባባ፣ ዘይቱንም ይቀይረው እንደሆነ ጠይቀውታል?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ኤሲም ዘይት አለው እንዴ?" አሉኝ።

ድራየሩ ተፈትቶ እስኪወርድ ድረስ አጠገባቸው ቆምኩ።